የክፍሉ ክብ ወደ ከተማ ሲወጣ፦ የሱዛን ሌሲ የሥራ ሕይወት የጉዳይ ጥናት

አሜሪካዊቷ ሱዛን ሌሲ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ በዘለቀው የሥራ ዘመኗ የክዋኔ ጥበብ (ከሚሰቀል ወይም ከሚቆም ዕቃ ይልቅ በሰዎች ድርጊት የሚገለጽ ጥበብ) ባለሙያ፣ የኪነ ጥበብ መምህርት እና የማኅበራዊ ለውጥ አራማጅ ሆና ቆይታለች። ስለ እርሷ የሚጻፉ ሐተታዎች እነዚህን ሦስት ሙያዎች ብዙውን ጊዜ ጎን ለጎን ደርድረው ያልፋሉ፤ ጠዋት የምታስተምር፣ ከሰዓት በኋላ የምትሟገት፣ ሲመሽ ደግሞ የምትፈጥር ሴት የነበረች ያህል። ይህ ጥናት ከዚያ የተለየ አስተያየት ይዟል። የሌሲ ታላላቅ ሥራዎች ቅርጻቸውን ያገኙት ከመማሪያ ክፍል ነው፤ ሴቶች በክብ ተቀምጠው በየተራ የሚናገሩበትና ሌሎቹ ሳያቋርጡ የሚያዳምጡበት ሥርዓት ከአንድ የካሊፎርኒያ ኮሌጅ ተነሥቶ ወደ ከተማ አዳራሽ፣ ወደ ባሕር ዳርቻ፣ ወደ መኪና ማቆሚያ ጣሪያና ወደ መኖሪያ ቤቶች ደጃፍ ሲሄድ መከታተል ይቻላል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ሌሲ በ1945 በካሊፎርኒያ ማዕከላዊ ሸለቆ ውስጥ ዋስኮ በተባለች የእርሻ ከተማ ተወለደች። የመጀመሪያ ዲግሪዋን በሳንታ ባርባራ ያገኘችው በሥዕል ሳይሆን በእንስሳት ጥናት ሲሆን፣ ከዚያም በፍሬዝኖ ስቴት ኮሌጅ የሥነ ልቦና ድኅረ ምረቃ ትምህርት ጀመረች። በዚያው ኮሌጅ ከፌይዝ ዋይልዲንግ ጋር ሆና በ1969 የሴቶች የንቃት ክበብ አቋቋመች። የእነዚህ ክበቦች ሥርዓት ቀላል ነበር፤ አንድ ርዕስ ይመረጣል፣ እያንዳንዷ ሴት ከራሷ ሕይወት ተነሥታ በተራዋ ትናገራለች፣ ማንም አይመክራትም፣ ማንም አያርማትም፣ ዙሩ ሲያልቅ ግን ሁሉም የየግል ጉዳይ ብለው ያሰቡት ነገር ምን ያህል የጋራ እንደሆነ ይገለጣል።

ሠዓሊዋ ጁዲ ቺካጎ በ1970 ወደ ፍሬዝኖ መጥታ ለሴቶች ብቻ የሆነ የፌሚኒስት ጥበብ ትምህርት ስትጀምር ይህን ሥርዓት የማስተማሪያ ዘዴ አደረገችው። 15 የሚሆኑት ተማሪዎች ከኮሌጁ ግቢ ውጭ ሕንፃ ተከራይተው ግድግዳውን በራሳቸው እጅ ጠግነው የሥራ ቦታቸውን አዘጋጁ፤ በክብ ተቀምጠው የተናገሩት ነገር ደግሞ የሥዕላቸውና የክዋኔያቸው ጥሬ ዕቃ ሆነ። ቺካጎ መጀመሪያ ላይ ሌሲን ለመቀበል አመንትታ ነበር፤ የሥነ ልቦና ተማሪዋ ሠዓሊ ሆና ትቀጥላለች ብላ አላመነችምና። በኋላ እንደታየው ግን፣ ሰዎች ስለ መከራቸው እንዲናገሩ ማድረግ የሚጠይቀውን ጥንቃቄ ያጠናች ተማሪ ማግኘት ለዚያ ክፍል ኪሳራ አልነበረም።

በ1971 ፕሮግራሙ ወደ ካሊፎርኒያ የሥነ ጥበባት ተቋም፣ በአጭሩ ካልአርትስ፣ ሲዛወር ሌሲም ወደዚያው ሄደች። በዚያ ሁለት መምህራን በእርሷ ላይ የተለየ አሻራ ትተዋል። አለን ካፕሮው የጥበብ ሥራ የግድ የሚሰቀል ወይም የሚቆም ዕቃ መሆን እንደሌለበት፣ በዕለት ተዕለት ሕይወት ውስጥ የሚፈጸም ድርጊትም ሊሆን እንደሚችል አስተማራት። ሺላ ሌቭራንት ደ ብሬትቪል ደግሞ የንድፍ ባለሙያ ስትሆን፣ መልእክት ለሕዝብ እንዴት እንደሚዘጋጅ፣ በምን መልክ ታትሞ የት እንደሚቀመጥና ማን እንደሚያነበው እንድታስብ አደረገቻት። ከካፕሮው ብቻ የተማረ ሰው ጥቂት ጓደኞቹ የሚያውቁት ረቂቅ ድርጊት ሠርቶ ሊቀር ይችላል፤ ከደ ብሬትቪል ብቻ የተማረም የተዋጣለት ፖስተር ሠሪ ይሆናል። ሌሲ ሁለቱን አጣመረች።

በ1972 ከቺካጎ፣ ከሳንድራ ኦርጀልና ከአቪቫ ራህማኒ ጋር የሠሩት አብሉሽንስ የተሰኘ ክዋኔ የዚህ ዘመን ፍሬ ነው። በእንቁላል፣ በደምና በሸክላ ጭቃ በተሞሉ ገንዳዎች ሴቶች እየተነከሩ ሲወጡ፣ ተገደው የተደፈሩ ሴቶች የደረሰባቸውን ሲናገሩ የተቀዳ ድምፅ ያለማቋረጥ ይሰማ ነበር። አስገድዶ መድፈር በአደባባይ የማይነሣ ጉዳይ በነበረበት ጊዜ ምስክርነቶቹን ማሰባሰብ ራሱ ድፍረት ነበር። ቢሆንም ተመልካቹ የጥበብ ሰው ነበር፤ ክፍሉ ገና አልተከፈተም። ሌሲ ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት የታገለችው ከዚህ ገደብ ጋር ይመስለኛል።

ካርታውና የከተማው አዳራሽ

በ1973 በሎስ አንጀለስ የሴቶች ሕንፃ የተባለው ማዕከል ተቋቁሞ ነበር፤ ቺካጎ፣ ደ ብሬትቪልና የጥበብ ታሪክ ምሁሯ አርሊን ሬቨን የመሠረቱት የፌሚኒስት ስቱዲዮ ወርክሾፕ በውስጡ ይሠራ ስለነበር፣ ሌሲ በዚያ ክዋኔ ጥበብ ታስተምር ጀመር። ከዚህ ማዕከል ድጋፍ ጋር በሜይ 1977 ያካሄደችው ሦስት ሳምንታት በሜይ የተሰኘው ሥራ የሥራ ዘመኗ መታጠፊያ ስለሆነ በዝርዝር ሊታይ ይገባዋል።

ሌሲ እያንዳንዳቸው 25 ጫማ የሚረዝሙ ሁለት የሎስ አንጀለስ ካርታዎችን በከተማው አዳራሽ አቅራቢያ በሚገኝ የገበያ አደባባይ ሰቀለች። በየዕለቱ ወደ ፖሊስ መሥሪያ ቤት እየሄደች ሪፖርት የተደረጉትን የአስገድዶ መድፈር ወንጀሎች ቦታ ትቀበልና በመጀመሪያው ካርታ ላይ ወንጀሉን የሚገልጸውን ቃል በትልልቅ ቀይ ፊደላት ትመታለች። በእያንዳንዱ ቀይ ማኅተም ዙሪያ ዘጠኝ ደብዘዝ ያሉ ማኅተሞች ይጨመሩ ነበር፤ እነዚህ ለፖሊስ ሳይነገሩ የሚቀሩትን ወንጀሎች የሚወክሉ ናቸው። ሁለተኛው ካርታ የሚያሳየው ተጠቂዎች እርዳታ የሚያገኙባቸውን ቦታዎች ነበር፤ ሆስፒታሎች፣ የምክር አገልግሎት ማዕከላት፣ የአስቸኳይ ስልክ መስመሮች። በከተማው የእግረኛ መንገዶች ላይም ወንጀል የተፈጸመባቸው ቦታዎች በጠመኔ ይመለከቱ ነበር። በእነዚሁ ሳምንታት ውስጥ ወደ 30 የሚጠጉ ዝግጅቶች ተካሂደዋል፤ ከእነዚህም የራስ መከላከያ ሥልጠና፣ የሬዲዮ ቃለ መጠይቅ፣ ዝግ ክዋኔዎችና የተጠቂዎች ምስክርነት ይገኙበታል።

የካርታው ሥራ በምስል ሲታይ ቀላል ነው። አስቸጋሪውና፣ እንደ እኔ ግምት፣ እውነተኛው የጥበብ ሥራ ያለው ከምስሉ ጀርባ ነው። ፖሊስ መረጃውን በየዕለቱ ለአንዲት ሠዓሊ እንዲሰጥ ማሳመን፣ ለአደባባዩ ፈቃድ ማግኘት፣ እርስ በርስ ብዙም የማይተዋወቁ የተጠቂዎች ድጋፍ ማዕከላትን፣ ሠዓሊዎችን፣ ፖለቲከኞችንና ጋዜጠኞችን በአንድ የጊዜ ሰሌዳ ላይ ማሰለፍ ያስፈልግ ነበር። ሌሲ ይህን ድርድር ከሥራው በፊት የሚያልቅ ጣጣ አድርጋ አላየችውም፤ የሥራው አካል አድርጋ ቆጠረችው። የንቃት ክበቡ ሥርዓትም በዚህ ይታያል። አንዲት ሴት የደረሰባትን ስትናገር የግል ታሪክ ነው፤ በክቡ ዙሪያ አሥር ሴቶች ሲናገሩ ንድፍ ይሆናል፤ ካርታው ያንኑ ንድፍ ከተማ አቀፍ አድርጎ ያሳያል። ሎስ አንጀለስ ራሷ በክብ ተቀምጣ በየቀኑ በተራ የምትናገር ያህል ነው።

በዚያው ዓመት መጨረሻ የከተማዋ ስሜት ተለወጠ። የኮረብታው አናቂ እየተባለ በጋዜጦች የሚጠራ ገዳይ ሴቶችን እየደፈረና እያነቀ አስከሬናቸውን በኮረብታ ጥግ ይጥል ነበር፤ በኋላ እንደታወቀው ወንጀለኞቹ ሁለት ነበሩ። ጋዜጦችና ቴሌቪዥኖች የሟቾቹን የግል ሕይወት እየጎረጎሩ ፍርሃት ሲያናፍሱ፣ ሌሲና ሌዝሊ ላቦዊትስ በሐዘንና በቁጣ የተሰኘውን ክዋኔ ዲሴምበር 13 ቀን 1977 አቀረቡ። ከሴቶች ሕንፃ የተነሣ የአስከሬን መኪና ሴቶችን በጫኑ መኪኖች ታጅቦ ወደ ከተማው አዳራሽ አመራ፤ ከመኪናው በራስ ማጎናጸፊያቸው ምክንያት ከሰው ቁመት በላይ የሚታዩ ጥቁር የለበሱ ሴቶች ወርደው በአዳራሹ ደረጃዎች ላይ ቆሙ። እያንዳንዷ በተራዋ ስለ አንድ ዓይነት ጥቃት ተናገረች፤ የከተማው ግድያዎች የአንድ እብድ ሥራ ብቻ ሳይሆኑ፣ ማኅበረሰቡ በቸልታ ከሚያልፋቸው ጥቃቶች ሰንሰለት ጋር የተያያዙ መሆናቸውን ገለጹ። ከኋላቸው የቆሙትም ለእህቶቻችን መታሰቢያ እንዋጋለን እያሉ በአንድነት ያስተጋቡ ነበር።

ይህ ክዋኔ የተነደፈው ለምሽት ዜና ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሌሲና ላቦዊትስ አንድ የዜና ዘገባ ከጥቂት ደቂቃዎች እንደማይበልጥ፣ ካሜራው ከፊት ለፊት እንደሚቆም፣ ዘጋቢው አንድ ግልጽ ምስልና አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር እንደሚፈልግ አውቀው አዘጋጁት። ዜናውም ተሰራጨ፤ የከተማው ምክር ቤት አባላት በይፋ ድጋፋቸውን ገለጹ፤ የስልክ ኩባንያውም የተጠቂዎች አስቸኳይ እርዳታ ቁጥሮችን በማውጫው ለማውጣት ተስማማ። ይህ የመጨረሻው ውጤት ትንሽ ይመስላል፤ ዳሩ ግን በእኩለ ሌሊት የስልክ ማውጫ ለምትገልጥ ሴት ትንሽ አልነበረም። ሁለቱ ሴቶች ከዚያ በኋላ አሪያድኔ የተባለ የማኅበራዊ ጥበብ መረብ መሥርተው ሠዓሊዎች፣ ጋዜጠኞችና አደራጆች በመገናኛ ብዙኃን ላይ በጋራ የሚሠሩበትን መንገድ እስከ 1980 ድረስ ሞከሩ።

ሲናገሩ ማየት

ከ1979 ጀምሮ ሌሲ ከቁጣው ይልቅ ወደ ውይይቱ አዘነበለች። በማርች 14 ቀን 1979 የቺካጎ የራት ግብዣ ሥራ በሳን ፍራንሲስኮ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ሲከፈት፣ ሌሲ በዓለም ዙሪያ ያሉ ሴቶች በየአካባቢያቸው ያከበሯቸውን ሴቶች በማዕድ እንዲያስቡ ጋበዘች፤ ከ200 በሚበልጡ ራቶች የተሳተፉት ሴቶች መልእክታቸውን በቴሌግራም ሲልኩ እርሷ በትልቅ የዓለም ካርታ ላይ ቦታቸውን በቀይ ሦስት ማዕዘን ታመለክት ነበር። ለመምህርቷ የቀረበ ስጦታ ነበር፤ ግን ስጦታው ከመምህርቷ ዘዴ ይለያል። ቺካጎ የታሪክ ጀግኖችን በተሠራ ማዕድ ላይ አስቀመጠች፤ ሌሲ ሕያዋኑን ራሳቸውን ማዕድ አስቀረበች።

በሜይ 1984 በካሊፎርኒያ ላሆያ ባሕር ዳርቻ 154 አረጋውያን ሴቶች ነጭ ለብሰው ነጭ ጨርቅ በተነጠፈባቸው ጠረጴዛዎች ዙሪያ ተቀምጠው ስለ እርጅና፣ ስለ ሞትና ስለ ሰውነታቸው ተወያዩ። ተመልካቾቹ ከገደሉ አናት ሆነው ቀድሞ የተቀዳ ንግግራቸውን እያዳመጡ ተመለከቱ፤ በመጨረሻም ወደ ታች ወርደው በቅርብ እንዲሰሙ ተጋበዙ። በሜይ 10 ቀን 1987፣ በአሜሪካ የእናቶች ቀን በሚከበርበት ዕለት፣ በሚኒያፖሊስ በአይዲኤስ ሕንፃ የመስታወት አዳራሽ የቀረበው ክሪስታል ኩዊልት (ኩዊልት ከቁርጥራጭ ጨርቅ የተሰፋ ልብስ ነው) ደግሞ ከዚህ እጅግ የገዘፈ ነበር። 430 ጥቁር የለበሱ ከ60 ዓመት በላይ የሆኑ ሴቶች፣ ሠዓሊት ሚርያም ሻፒሮ በነደፈችው በየጎኑ 82 ጫማ በሆነ ምንጣፍ ላይ በተደረደሩ ጠረጴዛዎች ዙሪያ ተቀመጡ። ጥቁሩን የጠረጴዛ ልብስ ሲገልጡት ከሥሩ ቀይና ቢጫ ወጣ፤ በየተወሰነ ጊዜ በሚሰማ ምልክት ደግሞ የእጆቻቸውን አቀማመጥ ይለውጡ ስለነበር ከላይ ፎቅ ሆኖ ለሚመለከት ሰው ምንጣፉ ከቁርጥራጭ ጨርቅ እንደ ተሰፋ ሥራ መልኩን ይቀያይር ነበር። ዝግጅቱ በሕዝብ ቴሌቪዥን በቀጥታ ተላለፈ።

ምስሉ ውብ ነው፤ ውበቱ ግን ከሁለት ዓመት በላይ የፈጀውን ዝግጅት ሊጋርደው አይገባም። አረጋውያን ሴቶች በአደባባይ ሕይወት ውስጥ አመራር የሚይዙበትን መንገድ የሚመለከቱ ተከታታይ ስብሰባዎች ከክዋኔው ቀድመው ተካሂደዋል። እንደገና ክፍሉ ቀደመ፤ ትርዒቱ ተከተለ። እኔ ግን በዚህ ሥራ አንድ ቅሬታ አለኝ፤ ሴቶቹ የተናገሩት ነገር ከጂኦሜትሪው በታች ይቀራል። በላሆያ ተመልካቹ በመጨረሻ ወርዶ ፊት ለፊት ይሰማል፤ በሚኒያፖሊስ ግን የሰገነቱ ተመልካች የሚያስታውሰው ቀለሙን ይመስለኛል።

ኦክላንድ፣ አሥር ዓመት

ሌሲ ከ1987 እስከ 1997 በኦክላንድ በሚገኘው የካሊፎርኒያ የሥነ ጥበባትና የእደ ጥበባት ኮሌጅ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ዲን ነበረች። ይህ ሹመት በብዙ ሠዓሊዎች ሕይወት ውስጥ ፍሬያማ ዓመታትን የሚበላ ሸክም ነው፤ ለእርሷ ግን ከተማዋን የምታውቅበት መስኮት ሆነ። ከ1991 ጀምሮ ከፎቶ አንሺው ክሪስ ጆንሰን ጋር በኦክላንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መገናኛ ብዙኃንን የመተንተን ትምህርት መስጠት ጀመሩ፤ ተማሪዎቹ በቴሌቪዥን ስለ እነርሱ የሚታየው ምስል ከራሳቸው ሕይወት ጋር ምን ያህል እንደሚራራቅ ማየት ጀመሩ።

ከዚህ ክፍል ጣሪያው እየነደደ ነው የተሰኘው ሥራ ወጣ። በጁን 1994 በአንድ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ጣሪያ ላይ 220 የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በ100 መኪኖች ውስጥ ተቀምጠው ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ፖሊስ፣ ስለ ዘር፣ ስለ ወሲብና ስለ ወደፊታቸው አስቀድሞ የተጻፈ ንግግር ሳይኖር ተወያዩ። አዋቂዎቹ ተመልካቾች በመኪኖቹ መካከል እየዞሩ በተከፈቱት መስኮቶች ጎንበስ ብለው እንዲያዳምጡ ተፈቀደላቸው፤ መናገርና ጣልቃ መግባት ግን ተከለከሉ። ሃያሲው ግራንት ኬስተር ውይይትን ማዕከል ስለሚያደርግ ጥበብ በጻፈው የ2004 መጽሐፉ ይህን ሥራ ካነሣቸው ምሳሌዎች አንዱ አድርጎታል። በፍሬዝኖ ክብ የነበረው አለማቋረጥ እዚህ ሕግ ሆኗል፤ ሆኖም የሥልጣን አቀማመጡ ተገልብጧል። በፍሬዝኖ ተናጋሪዎቹና አድማጮቹ አንድ ነበሩ፤ በጣሪያው ላይ ግን ከትምህርት ቤት እስከ ፍርድ ቤት ስለ ወጣቶች የሚወስኑ ሰዎች ዝም ብለው እንዲሰሙ ተገደዋል።

ቀጥሎ የመጡት ሥራዎች ወጣቶችንና ፖሊሶችን ለማገናኘት የታለሙ ነበሩ። በ1995 ሁለቱ ወገኖች የተወያዩበት ቪዲዮ ለፖሊስ ሥልጠና ዋለ፤ በ1996 በወጣቶችና በፖሊሶች መካከል የቅርጫት ኳስ ጨዋታ ተዘጋጀ፤ በኦክቶበር 7 ቀን 1999 ደግሞ ኮድ 33 በተባለው ክዋኔ 100 ፖሊሶችና 150 ወጣቶች በመኪና ማቆሚያ ጣሪያ ላይ በመኪኖች መብራት ታጅበው በትናንሽ ቡድኖች ፊት ለፊት ተነጋገሩ። ስሙ የፖሊስ ሬዲዮ ምልክት ሲሆን፣ አደጋ ስላለ የሬዲዮ መስመሩ ነጻ ይሁን የሚል ትርጉም አለው።

ይህ አሥር ዓመት ለሚመዘን ሰው ቀላል አይደለም። በ2000 በኦክላንድ የተጋለጠው የፖሊሶች ቅሌት፣ ማለትም አንድ የፖሊሶች ቡድን ነዋሪዎችን በመደብደብና ሐሰተኛ ማስረጃ በማስቀመጥ የተከሰሰበት ጉዳይ፣ መምሪያውን ከ2003 ጀምሮ በፌዴራል ፍርድ ቤት ክትትል ሥር እንዲወድቅ አድርጎታል። ስለዚህ በጣሪያ ላይ የተደረገው ውይይት የከተማዋን ፖሊስ አልለወጠም ብሎ መደምደም ይቻላል። ይህ ድምዳሜ ሐሰት ባይሆንም መለኪያው የተሳሳተ ይመስለኛል፤ ማንም ሠዓሊ የአንድ መሥሪያ ቤትን ተቋማዊ ልማድ በክዋኔ አይሽርም። ይልቁንም የሚጠየቀው ጥያቄ፣ ሠዓሊዋ ከዝግጅቱ ማግስት ያለውን ሥራ ለማን አስረክባ ሄደች የሚለው ነው፤ በዚህ በኩል ኦክላንድ ከሎስ አንጀለስ የተሻለ ዕድል ነበራት፤ በከተማው ውስጥ ለአሥር ዓመታት የቆየች የኮሌጅ ኃላፊ ተማሪ፣ መምህርና ፖሊስ በስም ታውቃለች። ሌሲ ራሷ ይህን ጉዳይ አልሸሸችም። በስኮትላንድ ሮበርት ጎርደን ዩኒቨርሲቲ በ2013 ያጠናቀቀችው የዶክትሬት ጥናት የኦክላንድ ሥራዎችን እንደ ጉዳይ ጥናት መርምሮ፣ በርዕሱ ሳይቀር ጎደሎ ጥበብ ብሎ ይጠራቸዋል።

ክፍሉና ከተማው በጽሑፍና በትምህርት ሥርዓትም ተገናኝተዋል። በ1995 ያሳተመችው አዲስ ዘውግ የሕዝብ ጥበብን የሚመለከት የጽሑፎች ስብስብ፣ ሐውልት ማቆም ሳይሆን ከተወሰነ ማኅበረሰብ ጋር መሥራትን የሕዝብ ጥበብ ማዕከል ያደረጉትን ሠዓሊዎች ስም ሰጥቶ አሰባሰባቸው። በ2007 በሎስ አንጀለስ በኦቲስ ኮሌጅ የከፈተችው የሁለተኛ ዲግሪ ፕሮግራም ደግሞ ይህን ለተማሪዎች መደበኛ ትምህርት አደረገው። አንዳንድ ሃያሲዎች እንዲህ ያለ ሥራ በዩኒቨርሲቲ ሥርዓት ሲገባ ጥርሱ ይወልቃል ብለው ይሠጋሉ፤ ሥጋቱ መሠረት አለው። ሆኖም ለድርድር፣ ለፈቃድና ለተሳታፊዎች ጥበቃ የሚያስፈልገው ችሎታ በልምድ ብቻ የሚገኝ ከሆነ፣ ዋጋውን የሚከፍሉት ልምድ የሌለው ሠዓሊ የሚሞክርባቸው ሰዎች ናቸው።

በኋለኛው ዘመን ሌሲ የቀድሞ ሥራዎቿን ወደ ሌሎች ከተሞች መለሰቻቸው። በጃንዋሪ 2012 የአስገድዶ መድፈር ካርታውን በሎስ አንጀለስ ፖሊስ ዋና መሥሪያ ቤት ዳግም አቆመች፤ ከ35 ዓመታት በፊት መረጃ የምትለምንበት ተቋም አሁን ካርታውን በግቢው አስተናገደ። በኦክቶበር 2013 በኒው ዮርክ ከተማ በብሩክሊን በአንድ ጎዳና ላይ በሚገኙ ቤቶች የደጃፍ ደረጃዎች ላይ ወደ 400 የሚጠጉ ተሳታፊዎች ስለ ፆታ ጉዳዮች ሲወያዩ አላፊ አግዳሚው ቆሞ አዳመጠ። በኖቬምበር 25 ቀን 2015 በኢኳዶር ዋና ከተማ በኪቶ የበሬ ውጊያ መድረክ ላይ ወንዶች፣ ሴቶች ስለ ደረሰባቸው ጥቃት ከጻፏቸው ወደ 10,000 ከሚደርሱ ደብዳቤዎች የተወሰዱትን ጮክ ብለው አነበቡ። የሴትን ቃል ወንድ በአፉ ሲያነብ ማድረግ አከራካሪ ምርጫ ነው፤ ግን ሌሲ ለብዙ ዓመታት ሴቶች እንዲናገሩ መድረክ ስታመቻች ከቆየች በኋላ የመስማትን ሸክም ወደ ሌላው ወገን ያዛወረችበት ሥራ ይህ ነው።

በ2019 በሳን ፍራንሲስኮ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየምና በየርባ ብዌና የጥበባት ማዕከል የተከፈተው የሥራዎቿ ዐውደ ርእይ የሌሲን ሥራ በሙዚየም ማሳየት ምን ያህል እንደሚከብድ አጋልጧል። ፎቶግራፍ ይሰቀላል፤ ቪዲዮ ይታያል። ከከተማው ጠበቃ ቢሮ ጋር የተደረገ የስልክ ጥሪ፣ ለአንዲት የ80 ዓመት ሴት የተዘጋጀ መጓጓዣ፣ ወጣቱ ከፖሊሱ ጋር ለመቀመጥ እንዲስማማ የፈጀው የሳምንታት ውይይት ግን ሊሰቀል አይችልም። ስለዚህ በቀጣይ ስለ እርሷ የሚያጠና ሰው ከምስሎቹ ይልቅ የስብሰባ ማስታወሻዎችን፣ የበጀት ወረቀቶችንና የተሳታፊ ዝርዝሮችን ቢመለከት፣ የክፍሉን ክብ ይበልጥ ያገኘዋል።